ሰባተኛው ጄሶ

የአየር መርከቡ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ከተማው በሙሉ አንገቱን ሰቅሎ ሲያፈጥ አንድ ሰው ብቻ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ትሕትና እንዳይመስላችሁ። ሃያ ስምንት ዓመት መሬት ሲያይ የኖረ አንገት፣ ክራቫት ያሰረ ሰው «ቀና በሉ» ስላለ ብቻ ቀና አይልም።

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። «ሜትሮ» ነው የሚሉት። ቀበቶው ላይ እንደ ሽጉጥ የሚያንጠለጥላት፣ አሥር ሜትር የምትዘረጋ ሜትሮ አለችው፤ ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ የሠርጋቸው ዕለትም አላወለቃትም። «ለክቶ ነው ያገባኝ» ትላለች ሰው ፊት። እሱም ፊቱን ሳያፈታ «ሁለት ሳንቲሜትር ተርፋ ነበር፤ ዝም አልኩ» ይላል። ይህቺ ቀልድ በዚያ ቤት ውስጥ ከሶፋው ይልቅ ብዙ ዘመን አገልግላለች።

ሥራው መሄድ ነበር። በቃ፣ መሄድ። ተራራው አናት ላይ ወደሚገኘው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ስልሳ ቶን የሚመዝን ትራንስፎርመር ሲላክ፣ ጀርባው ዝቅ ያለ፣ ጎማው ተቆጥሮ የማያልቅ ሎቤድ ይሸከመዋል፤ ከሎቤዱ ፊት ፊት ሜትሮ በእግሩ ይሄዳል። ኩርባውን ይለካል። የረገበ ሽቦ ሲያጋጥመው በረጅም ዱላ ከፍ ያደርጋል። አስፋልቱ ያበጠበትን በተረከዙ ይደበድባል። መዳፉን ከዘረጋ መኪናው ይመጣል፤ ጡጫውን ካነሣ መኪናው ይቆማል። አንዱ ጉዞ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዴም ሦስት። የተማሩ ሰዎች ይህን «ኋላ ቀር አሠራር» ይሉታል። በዚህ ኋላ ቀር አሠራር በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ትራንስፎርመር ገደል አልገባም። የተማሩት ሰዎች ዕቅድ ግን በየበጀት ዓመቱ ገደል ይገባል፤ ማንም ከፊቱ በእግሩ ሄዶለት አያውቅማ።

የሎቤዱ ሾፌር የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ያስቀጠረው ሜትሮ ራሱ ነበር፤ ያስተማረውም አንድ ነገር ብቻ ነው። «መንገዱን አትይ፤ እጄን እይ» አለው። ሾፌሩም ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺኑ እጅ ሲያይ ኖረ።

ድልድይ ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ነገሩ ሁሉ የሚሾረው በዚህ ላይ ስለሆነ ላስረዳ። ወደ ተራራው የሚያሻግረው ድልድይ አንድ ነው፤ ባለ ሦስት ቅስት፣ ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈ የኮንክሪት ድልድይ። ስንጥቅ አለበት። ሽማግሌ ሆኖ ስንጥቅ የሌለበት ማን ነው? ጥያቄው ስንጥቁ እየሰፋ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል የሚለው ነው። ሜትሮ ይህን የሚያውቅበት መላ ነበረው። በስንጥቁ ላይ አግድም፣ መዳፍ የምታህል የጄሶ ልጥፍ ይለጥፋል፤ ቀኑን በእርሳስ ይጽፍባታል። ጄሶ አይለጠጥም፣ አይታጠፍም፣ አለቃ አይፈራም። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ከሰፋ ልጥፏ ቀጭ ትላለች። ካልሰፋ ትኖራለች።

እናም ሎቤዱ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ሜትሮ መዳፉን ዘርግቶ «ቀጥ ብለህ ና» ይልና ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው በላዩ ላይ እየተንፏቀቀ ሲያልፍ አንድ እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፎ ልጥፎቹን እያየ ይቆማል። ድልድዩ ቢወርድ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። ሾፌሩ ተሻግሮ ሲያበቃ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ክላክስ ያደርጋል፤ «አለፍኩ፣ ውጣ» ማለቱ ነው። ሜትሮም ይወጣል።

ልጥፎቹ ሰባት ናቸው። ጄሶውን ነፍታ በወተት ቆርቆሮ የምትሞላለት ሚስቱ፣ መሰላሉን የሚሸከምለት ሾፌሩ። ሰባት መሆናቸውን ሦስቱም ያውቃሉ። ስድስቱ ሥር ስንጥቅ አለ። ከሰባተኛዋ ሥር፣ ማዶ ያለው ምሰሶ ላይ ካለችው፣ ምንም የለም፤ ድፍን ኮንክሪት። ሜትሮ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጣት። ጄሶው ራሱ ብልሹ ሆኖ በፀሐይ የሚሰነጠቅ ከሆነ እሷም ትሰነጠቃለች፤ ያኔ የስድስቱም ምስክርነት ውድቅ ነው። እሷ ደህና ሆና ሌሎቹ ከተሰነጠቁ ግን ድልድዩ በእርግጥ ተነቃንቋል። ይህን ምስጢር ለማንም አልተናገረም። ሰው ስላላመነ አይደለም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ ክራቫቱ እንምጣ።

ባለ ክራቫቱ የአየር መርከቡ ኩባንያ አፍ ነበር። ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቅሎ «የአየር መርከብ ተመልሷል!» ብሎ ጀመረ። ተመልሷል ማለቱ ልክ ነው። ያኔ ድሮ በሚቀጣጠል ጋዝ ሞልተው ሰው ሲያንሸራሽሩበት ነደደና ተዉት፤ አሁን በማይቀጣጠል ጋዝ ሞልተው ዕቃ እንጫንበት አሉ። ምንም አይደለም። የሰው ልጅ አንዴ የጣለውን ነገር ቀለም ቀብቶ «አዲስ» ማለት ልማዱ ነው። «ያለ ጎማ! ያለ አስፋልት! ያለ ድልድይ! ስልሳ ቶን በአርባ ደቂቃ!» አለ ባለ ክራቫቱ። ከዚያም ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ «ከመንገድ ባርነት ነፃ እንወጣለን!» ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ያጨበጨቡት በመንገድ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሾፌር፣ ረዳት፣ ጎማ ጠጋኝ። በገዛ ቀብራቸው ላይ እንዲህ ሞቅ አድርጎ ያጨበጨበ ሕዝብ አላየሁም።

ሜትሮ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ስልሳውን ቶን ካወረደ በኋላ ምን ይይዘዋል?»

«እንዴት ማለትህ ነው?»

«ቀለለ ማለት ነዋ። ገመዱ የተለቀቀ ፊኛ ወደየት ይሄዳል? ስልሳ ሲያወርድ በምትኩ ስልሳ የሚጭነው ነገር ያስፈልገዋል። ከየት ነው የምታመጡት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ክራቫቱም ፈገግ አለ። «ይህ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው፤ በባለሙያዎች ይታያል» አለ። ሾፌሩ ከጎኑ ሆኖ የኮቱን ጫፍ ጎተተው፤ «ጋሼ፣ በናትህ ተቀመጥ። አታሳፍረን።»

ሜትሮ ተቀመጠ። ባለ ክራቫቱ «አንድም ሠራተኛ ሜዳ ላይ አይወድቅም» ብሎ ምሎ ጨረሰ። ሻይ ታደለ።

አንድ ችግር ነበር። ጣቢያውን የሚያስገነባው መሥሪያ ቤት ደንብ አለው፤ በመንገድ መሄድ የሚችል ጭነት በአየር አይላክም። ስለዚህ ኩባንያው «መንገዱ አይችልም» የሚል ወረቀት ያስፈልገው ነበር። መንገዱ ደግሞ ይችላል። የሚችል መሆኑን የሚያውቀው የመንገድ ቢሮው መሐንዲስ እንዳይመስላችሁ፤ መሐንዲሱ ድልድዩ ሥር ወርዶ አያውቅም፣ ጫማው ይቆሽሻላ። ሃያ ስምንት ዓመት ሜትሮ «ደህና ነው» ሲል መሐንዲሱ ከሥር ይፈርማል፤ ይኸው ነው። የአንድ ተራራ መብራት በአንድ እግረኛ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ ማንም አላወቀውም፣ እግረኛውም ጭምር።

ዝናቡ ገባ። የመጀመሪያው ጎርፍ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሜትሮ ልጥፎቹን ሊያይ ወረደ። መሐንዲሱ ላይ ሆኖ ዣንጥላ ይዞ ይጠብቃል፤ ሾፌሩም አብሮ መጥቷል። የመጀመሪያዋ ልጥፍ ተሰብራለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ረግፋ ቀኗ እንኳ አይነበብም። ጭቃው እስከ ቅልጥሙ ውጦት እየተንገዳገደ እስከ ስድስተኛዋ ሄደ። ከስድስቱ አንዷም ደህና አልነበረችም። ሰባተኛዋን ለማየት መሻገር ነበረበት፤ ማዶ ያለውን ምሰሶ ግን ቡናማው ውሃ ወገቡን ይዞት ያጓራል። ስድስት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ ሰባተኛው ምን ይጨምራል?

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እህስ?» አለ መሐንዲሱ።

«ሄዷል።»

«ምኑ ሄደ?»

«ድልድዩ። ስድስቱም ተሰብረዋል።»

«እርግጠኛ ነህ? ብዙ ነገር የተንጠለጠለበት ነው እኮ።»

«ጄሶ አይዋሽም» አለ ሜትሮ። ጡጫውን አነሣ፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ፣ ከልማድ ብዛት። ከዚያ ወረቀቱ መጣለት፤ በእርጥብ እጁ ፈረመ። «ከሃያ ቶን በላይ የሚመዝን እንዳያልፍ» ይላል። ሾፌሩ ወረቀቱ እንዳይበሰብስ ዣንጥላውን ከመሐንዲሱ ተቀብሎ በላዩ ያዘለት። «አይዞህ ጋሼ» አለው። «የሚሞት ነገር ይሞታል።»

ሜትሮ ለዚያ ድልድይ እንደ ሰው አዘነ። ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለው።

ኩባንያው ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሾፌሩን «የማሰሪያ ኃላፊ» አደረገው፤ መርከቡ ተራራው ላይ ሲደርስ ገመዱን የሚያሲይዘው እሱ ነው። ሰማያዊ የደንብ ልብስ ሰጡት፤ የነሐስ ቁልፎች ያሉት፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን የሚያጠፉ። ሜትሮንም ቀጠረው። ምን አድርገው? አሸዋ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ የአሸዋ ጆንያ አፍ ማሰር።

ምክንያቱም አዳራሹ የሳቀበት ጥያቄ ራሱ ተነሥቶ መጣ። መርከቡ ስልሳ ቶን ሲያወርድ ስልሳ ቶን ካልጫነ ወደ ላይ ይፈተለካል። ተራራው አናት ድፍን ዓለት ነው፤ ውሃም የለም። ስለዚህ አሸዋ ከታች፣ ከወንዙ። አሸዋው በምን ይወጣል? በመኪና። መኪናው በየት በኩል ይሻገራል? ጎበዝ፣ ገባችሁ።

በሞተው ድልድይ!

«ያለ ጎማ፣ ያለ አስፋልት፣ ያለ ድልድይ» የተባለው መርከብ አንዴ በመጣ ቁጥር ሦስት የጭነት መኪና ሃያ ሃያ ቶን አሸዋ ተሸክሞ፣ መርከቡን ላለማስጠበቅ አፍና ጅራት ተያይዞ፣ በሞተው ድልድይ ላይ ይግተለተላል። ስልሳው ቶን በሰማይ ሲሄድ ስልሳው ቶን በመሬት ይከተለዋል። ትራንስፎርመሩን ሎቤዱ ላይ ጭኖ ያንኑ መንገድ መሄድ ግን ኋላ ቀርነት ነው።

ሜትሮ መጀመሪያ ላይ የታየው የሰው ነፍስ ነበር። ጆንያውን ጥሎ ወደ መሐንዲሱ ቢሮ ሮጠ። «ሰው ልታስጨርሱ ነው!» አለ። መሐንዲሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ወረቀቱ ሃያ ቶን ይላል፤ የእያንዳንዱ ጭነት ሃያ ቶን ነው» አለው። የመኪናው ክብደትስ? ያንን ማንም አልጠየቀም። መኪናው ነፋስ ነው መሰል።

ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ምሳ ሰዓት ላይ ድልድዩ ሥር ገብቶ ስድስቱን ልጥፎች እንደገና ለጠፈ፤ ቀን ጻፈባቸው፤ መኪናዎቹ በላዩ ባለፉ ቁጥር ትንፋሹን ይዞ አየ። ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። አንዷም ቀጭ አላለችም። ሜትሮ ደስ ሊለው ሲገባ ቅር አለው። በየጉዞው ስልሳ ቶን እየሄደበት የማይነቃነቅ ድልድይ፣ ያኔ ምን ነክቶት ነው ስድስት ቦታ የተነቃነቀው?

ውሃው ሲጎድል ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ሰባተኛዋ ተሰብራለች። ሥሯ ስንጥቅ የሌለባት፣ ድፍን ኮንክሪት ላይ የተቀመጠችው። ጄሶው ብልሹ ነበር እንዳይል፣ ያቺ ልጥፍ አሥር ዓመት ፀሐይና ብርድ ችላ የኖረች ናት። ደግሞም መሐሏ ላይ ጠባሳ አለ፤ የጎደጎደ፣ ስድስት ማዕዘን ያለው። ሜትሮውን ከቀበቶው መዘዘና ለካው። ሠላሳ ሁለት ሚሊሜትር።

ይህን ልክ ያውቀዋል። ሾፌር የጎማ ንፋስ የሚያዳምጠው በብረት እየደበደበ ነው። የሾፌሩ መደብደቢያ ብረት ጫፉ ላይ ትልቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ የተበየደበት ነበር፤ ዳዶውን መርጦ ያስበየደለት ሜትሮ ነው፣ ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ ስጦታ ብሎ። ሰውየው ወደ ሰማይ ካደገ በኋላ ዕቃውን ሁሉ እኅቱ ቤት ጥሎታል። ብረቱ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር።

ሜትሮ ቤቱ ገብቶ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ተንበርክኮ ለካው።

«ደግሞ ምን እየለካህ ነው?» አለች ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ሠላሳ ሁለት።»

«ምኑ?»

«የወንድምሽ እጅ።»

«የምን እጅ?» አላለችም። ያላለችው ነገር ነው አንጀቱን የቆረጠው። በያዘችው ፎጣ እጇን ደጋግማ አደራረቀች፤ እጇ እርጥብ አልነበረም።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«እኔ ጉልበትህን ነው የማውቀው» አለች። «በሙቅ ውሃ የማሸው እኔ ነኝ። አንተ እዚያ ሥር ገብተህ እስክትመለስ ነፍሴ የት የት ስትል እንደምትውል አንተ አታውቅም። ወንድሜ ‹ከዚያ ሥር ላውጣልሽ› አለኝ። እንዴት አድርጎ እንደሆነም ነገረኝ። ዝም አልኩ።»

«ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ሾፌሩ የደረሰው ይሄኔ ነው፤ ቅዳሜ ምሳ እኅቱ ቤት መብላት ልማዱ ነው። የነሐስ ቁልፎቹ ከሱ ቀድመው ገቡ። ብረቱን በሜትሮ እጅ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ስድስቱስ ይሁን» አለ ሜትሮ ከተንበረከከበት ሳይነሣ። «ሰባተኛዋ ምን አደረገችህ?»

«የትኛዋ?»

«ማዶ ያለችው። ሥሯ እኮ ስንጥቅ የለም። እጅ ካልሰበራት የሚሰብራት የለም።»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳቀ፤ ካርታው ተገልጦበት የተበላ ቁማርተኛ አሳሳቅ። «አንተ ሰውዬ! ሃያ ዓመት መሰላልህን ስሸከም ይህን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅኸኝም።»

«አላመንከኝም በለዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ አላመንከኝም!»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ልሳቅ። ብረቱን ያነሣው ሰው ነው የተከፋው። ዓይኑን በጨው አጥቦ መከፋት ማለት እንዲህ ነው።

«እስቲ ንገረኝ፣ ወንድም ዓለም» አለ ሜትሮ። «ዣንጥላውን በላዬ ስትይዝልኝ ምን ተሰማህ?»

ሾፌሩ ቁልፉን ነካካ። «ጋሼ፣ እነሱ እንደሆነ መምጣታቸው አይቀርም ነበር። ወይ ከእነሱ ጋር ነህ፣ ወይ ከእግራቸው ሥር። አንተን ከሥር ላወጣህ ነው።»

«አሸዋ ውስጥ አስቀመጥከኝ።»

«ጥላ ሥር ነዋ!» አለ ሾፌሩ፤ ምናልባትም ከልቡ። ምሳው ቀዝቅዞ ቀረ።

ሰኞ ጧት ሜትሮ ወደ መሐንዲሱ ሄደ። የሚፈልገው ብዙ አልነበረም። ሾፌሩ ይታሰር አላለም፤ የሚስቱ ወንድም ነው። አንድ ወረቀት ብቻ፤ «ድልድዩ ደህና ነው» የምትል፣ የእሱ ፊርማ ያለባት። በዚያች ወረቀት ሎቤዱ ይነሣል፣ እሱም ከፊቱ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕይወቱ የፈረማት አንዲት ውሸት ትሰረዛለች።

መሐንዲሱ ሁሉንም አዳመጠ። ከዚያም ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«ሃያ ስምንት ዓመት በቃልህ ፈርመናል» አለ። «ዛሬ ተሳስቼ ነበር ካልከኝ የዚያ ሁሉ ዓመት ፊርማ ምን ሊባል ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ተታለልኩ።»

«ወረቀት ላይ ልዩነት የለውም።»

«ወርደህ እየው እንግዲህ! አሥር ደቂቃ ነው!»

መሐንዲሱ ጫማውን አየ። «ራስህ ‹ጄሶ አይዋሽም› አላልክም?» አለው። አየህ፣ ጨዋ ሰው ሲገድልህ በራስህ ቃል ነው የሚገድልህ።

የሚቀጥለው ጭነት የመጨረሻው ትራንስፎርመር ነበር። ተራራው ላይ ፎቶ አንሺ ተጠርቷል፤ ባለ ክራቫቱ አዲስ ክራቫት አስሯል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መርከቡ ጥላውን በከተማው ጣሪያ ላይ እየጎተተ አለፈ። ሦስቱ መኪናዎች አሸዋቸውን ጭነው ተነሡ። ሜትሮ የመጨረሻውን ጆንያ አፍ አሰረ፤ እጁን አራገፈ፤ ወደ ድልድዩ አፍ ሄዶ መንገዱ መሐል ቆመና ጡጫውን አነሣ።

መኪናዎቹ ቆሙ። የመጀመሪያው መኪና ሾፌር ድሮ የሎቤድ ረዳት የነበረ ሰው ነው፤ እግሩ ፍሬኑን የረገጠው አእምሮው ሳያዘው ነው።

«ጋሼ ሜትሮ፣ ምነው?»

«ጭነትህ ሃያ ነው። መኪናህ አሥራ አንድ ነው። ሠላሳ አንድ። ወረቀቱ ሃያ ይላል።»

«እስከ ዛሬ ስናልፍ አልነበር እንዴ?»

«ስታልፉ ነበር። ዛሬ ወረቀቱን አነበብኩት። የኔው ነው፤ ፈርሜበታለሁ።»

ተራራው ላይ መርከቡ ጭነቱን ሆዱ ሥር አንጠልጥሎ ቆመ። አሸዋ ሳይጭን ማውረድ አይችልም። እዚያ አናት ላይ ቀትር ሲቃረብ ነፋስ እንደሚነሣ ሜትሮ ያውቃል፤ ስንት ትራንስፎርመር አድርሶበታል። መሐንዲሱ በፒካፕ እየበረረ መጣ፤ ከመኪናው ግን አልወረደም። ሾፌሩንም ከላይ አስጠሩት። የደንብ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ አንገቱ በላብ ርሶ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እጅህን አውርድ።»

«ወረቀት።»

«ወረቀቱ ይመጣል። አሁን አሸዋው ይለፍ። ሰዎቹ ሰማይ ላይ ተንጠልጥለዋል እኮ!»

«ድልድዩ ደህና ከሆነ ይጻፍልኝ፤ አሸዋው ይለፍ። ደህና ካልሆነ አሸዋው አያልፍም። ምኑ ነው የከበዳችሁ?»

ሾፌሩ ዞሮ ወደ ፒካፑ አየ። መሐንዲሱ መስታወቱን ቀስ ብሎ ዘጋ። መልሱ ይህ ነበር።

ሾፌሩ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጥቶ ባለ መኪናውን «ጠጋ በል» አለውና መሪውን ያዘ። ሞተሩን አስነሣ። ሜትሮ ጡጫውን እንዳነሣ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ሰው መንገድ አይቶ አያውቅም፤ ያቺን እጅ ብቻ ነበር የሚያየው። አሁንም አያት። ፊቱ ትንሽ ተጨማደደ። ከዚያም ዓይኑን ከእጁ አንሥቶ፣ ከትከሻው በላይ፣ መንገዱን አየ።

ነዳው።

ሜትሮ ጎማው አንድ ክንድ እስኪቀርበት ቆመ። ከዚያ ወደ ጎን አለ። ሁለተኛው መኪና ተከተለ፤ ሦስተኛውም፣ አፍና ጅራት ተያይዘው። ሰውየው ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረውራል ብሎ የጠበቀ ነበር። እሱ ግን እየሮጠ ወደ ታች ወረደ፤ በመቀመጫው እየተንሸራተተ። እጁን ምሰሶው ላይ አሳረፈ።

ኮንክሪቱ አጉረመረመ። አቧራ ፀጉሩ ላይ ረገፈ። ሁለቱ መኪናዎች ባንድ ቅስት ላይ አብረው ሲወጡ አንደኛዋን ልጥፍ አየ፤ ሁለተኛዋን፣ እስከ ስድስተኛዋ። ውሃውን አቋርጦ ሰባተኛዋ ጋ ደረሰ፤ አድሶ የለጠፋት እሱ ነው። አንዷም የፀጉር ያህል አልተላቀቀችም። እውነቱ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ተመስክሮለት አያውቅም፤ ከሱ በቀር ያየ ሰው ግን አልነበረም፤ መስካሪውም የካደው ሰው ጎማ ነው።

በኋላ ተራራው ላይ ፎቶው ተነሣ። ወረቀቱ ላይ ድልድዩ እስከ ዛሬ እንደሞተ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሻገርበታል።

ያኔ ግን መኪናዎቹ ገና ማዶ መድረሳቸው ነበር። ሾፌሩ፣ ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ክላክስ አደረገ።

ሜትሮ እርሳሱን አውጥቶ በሰባተኛዋ ላይ ቀኑን ጻፈ። ክላክሱ እንደገና ጮኸ፤ አሁን ረዘም አለ። ሦስተኛ ጊዜም ጮኸ።

አልወጣም።